ብረት ራሱን አያንኳኳም

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አማቴ፣ ለአባባ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ልጅዎስ ከነቤተሰቧ ደህና ናት? እኛ ለክፉ አልሰጠንም፤ ደህና ነን። የሰው አገር ብርድ እንዳይጎዳብን ፈጣሪ እርስዎን ይጠብቅልን።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀምጬ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው። ነገሩ የጓሮው የጭነት መኪና ነው። ባለቤቴ፣ የእርስዎ ልጅ፣ ከስሩ ሞቶ ከወጣበት ቀን ጀምሮ መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። የወደቀበትን የናፍታ ታንክ ወደ ቦታው መልሳችሁ እሰሩት፣ ከዚያ በኋላ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት ብለው ነው የሄዱት። ቃልዎን ጠብቄያለሁ። ዝገቱ ግን ቃልዎን አልጠበቀም። የታንኩ ሆድ ተበልቶ ናፍታው ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ጣሳ አስቀመጥኩለት፤ ኋላ ባልዲ። አሁን የግቢው የጉድጓድ ውኃ ይሸታል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በብርጭቆ ቀድታ አመጣችልኝና፣ «እስቲ ቅመሺው። ከእንግዲህ ሻይ ለማፍላት ከሰል አንገዛም፣ ውኃው ራሱ ይነዳል» አለችኝ። ሳቅን። እሷ ግን ስትወጣ አልሳቀችም።

መካኒክ ጠርቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድረስ ሲያየው ቆየና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። አባባ፣ አይቆጡኝ፤ ታንኩ ያንኳኳል። የግንቡ ጥላ መኪናው ላይ ሲወጣ፣ ሁለት ጊዜ። በእርስዎ ጋራዥ ሁለት ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ዘበኛው በሰማው ቁጥር ቆቡን አውልቆ «እሺ ጌታዬ፣ ሰምተናል» ይለውና፣ እንዳልፈራ ሰው ቀስ እያለ ወደ በሩ ይሄዳል። መካኒኩ ግን ቀስ አላለም።

ታንኩ እንዲወርድ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

ምራትዎ


ኅዳር 9

ለምራቴ፤

ጤናሽን እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ጉልበቴ ነው። ለዘበኛው፣ ለቀለም ቀቢው፣ ለልብስ ሰፊዋና ለግቢው ተከራዮች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።

መልስ የዘገየው ፖስታው ስለዘገየ አይደለም። እኔ ስላልቸኮልኩ ነው። ታንኩ አይነካም ብያለሁ፤ ያልኩትን አላጥፍም። ቀዳዳውን በሳሙና ድፈኑት። ደረቅ የልብስ ሳሙና በጣትሽ አሽተሽ፣ አላቁጠሽ ለጥፊበት። ናፍታ ሳሙናን አያሟሟም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ መንገድ ላይ ቀርቼ ራሴ ያወቅኩት ነው።

ስለ ማንኳኳቱ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብረት ራሱን አያንኳኳም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከብረት ጋር ነው። ብረት ሲመቱት ይጮኻል፣ ሳይመቱት ዝም ይላል፤ ከሰው የሚሻለውም በዚህ ነው። ሕጉንም ያወጣሁት ለዚህ ነው። የብረት መፍጫ ማሽን በሚጮኽበት ግቢ ቃል ይጠፋል። ከመኪና ስር ያለው ሰው በመፍቻው ታንኩን አንዴ ከመታ «ጠብቅ»፣ ሁለቴ ከመታ «ወጥቻለሁ፣ አውርድ» ነው። አፍ ይዋሻል፤ ብረት አይዋሽም። ልጄ የሞተ ቀን ታንኩን በክሪክ ደግፎ የነበረው ያ ሰው ሁለት ሰማሁ ብሎ አወረደበት። ከስር ያለ ልጄ እንዴት ብሎ «ወጥቻለሁ» ይላል? እንግዲህ ከሁለት አንዱ ዋሽቷል፤ ልጄ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም።

የምትሰሙት ወይ ድመት ነው፣ ወይ አጥር ዘሎ የሚገባ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ መሰማቱ የሚጠቅመው ለማን እንደሆነ አንቺው አስቢው።

እዚህም የሚያንኳኳ አለኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳ ለግድግዳ። ከዘራዬን ይዤ ወደ ላይኛው ጎረቤት ወጣሁ። ቋንቋውን አልችልም፤ በእጁ እያሳየ የማሞቂያው ቱቦ ሲቀዘቅዝ ነው ሊለኝ ሞከረ። እኔን ስለ ብረት ሊያስተምረኝ! በሩን ዘግቼበት ወረድኩ።

አባትሽ


ኅዳር 24

ለተከበሩ አባባ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልን። ሰላምታዎን ለሁሉም አድርሻለሁ፤ ዘበኛው «ለእኔ ከሁሉ አስቀድሞ!» እያለ ለተከራዮቹ ሲያወራ ሰነበተ።

ሳሙናው ጥቂት ቀን ይዞ ለቀቀ። ጉድጓዱን ዘግተነዋል። ተከራዮቹ ውኃ ከመንገድ ማዶ እያመላለሱ ነው፤ ሁለቱ ቤት ሊለቁ ነው። ስለዚህ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና አሁን የምጠይቀው ፈቃድ አይደለም። እንዴት እንደሚወርድ ይንገሩኝ ነው የምለው።

ከስር የሚገባው ወንድሜ ነው። «ያ ሰው» ያሉት እሱ ነው፤ ወንድም እንዳለኝ ስለረሱ አይመስለኝም። ሌላ የሚገባ ጠፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ መፍቻ አልጨበጠም፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ከግቢው ያስወጡት እርስዎ ስለሆኑ እስካሁን ደፍ አያልፍም። ደብዳቤዎ ሲመጣ ለሁሉም የማነበው ዘበኛው ቤት ሆኜ ነው፤ እሱ ከበሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ያዳምጣል። ሰላምታው ሲያልቅ «ይሁን» ይልና ይሄዳል። የሚቀጥለውን ሰምቶ አያውቅም፤ ባለመስማቱም አመስግኛለሁ።

«እገባለሁ፤ ክሪኩን ግን አልይዝም» አለኝ። ክሪኩን የምይዘው እኔ ነኝ።

አጥር የሚዘል ሰው ያሉትን እኔም መጀመሪያ አስቤዋለሁ፤ ወንድሜ ነው ብዬ እንኳን አስቤያለሁ። ከዘበኛውና ከቀለም ቀቢው ጋር ሦስት ሆነን መኪናውን ከበን ቆምን። ድመት የለም። ሰው የለም። አንኳኳ። አባባ፣ እኔ የሚሰማኝን ልንገርዎት? ባለቤቴ «ወጥቻለሁ» ሲል ነው የሚሰማኝ። በየቀኑ ወጥቻለሁ ይላል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ዞር ብዬ አያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቀለም ቀቢው እንደሚለው ያንን ታንክ የሰቀሉት እርስዎ ነዎት፤ ታንኩን ያቀፈውን የውስጠኛውን የብረት ቀበቶ ቡሎን ወደ ውስጥ ያዞሩትም እርስዎ። ለዚህ ነው ሰው ከስር ሳይገባ የማይፈታው።

ምራትዎ


ታኅሣሥ 28

ለአባባ፤

ጤና ይስጥልኝ። መልስዎ አልመጣም። በልጅዎ በኩል ገንዘብ ልከው «ሌላ ሰው ቅጠሩ» ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ ገንዘቡን መልሼላታለሁ። የሚቀጠር ቢኖር ኖሮ አላስቸግርዎትም ነበር።

እስከ ጥር አጋማሽ እጠብቃለሁ። ካልጻፉልኝ ግቢው በሚያውቀው ልማድ እናወርደዋለን። ግቢው የሚያውቀው ልማድ ደግሞ የእርስዎ ሁለት ጊዜ ነው።

ምራትዎ


ጥር 6

ለምራቴ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለዘበኛው፣ ለቀለም ቀቢው፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለተከራዮቹም እንዲሁ።

ደብዳቤሽ ማስፈራሪያ ነው። ልጄ ያገባት ሴት እንዲህ እንደምትጽፍ አላውቅም ነበር። እሱም አልነገረኝም፤ ምናልባት እሱን አስፈራርተሽው አታውቂም ይሆናል። የምጽፈውን ሁሉ እንዳለ አድርጊ። አንዱን ትተሽ አንዱን ብትይዢ አልጻፍኩልሽም።

የልብስ ሰፊዋ የከሰል ካውያ ይጥፋ። ቀለም ቀቢው ቀለም ማቅጠኛውንም ሆነ ማንኛውንም አይነት ቀለም በዚያ ቀን እንዳይከፍት፤ ዘበኛው ሲጋራውን ብቻ ሳይሆን ክብሪቱንም ከግቢ ውጭ ያኑር። ስልክም ቢሆን ከበሩ ውጭ ይቀመጥ። መኪናው የቆመበት መሬት ወደ ግንቡ እንደሚያዘነብል አውቃለሁ፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስይዙ። ባትሪው ሞቷል ብለሽ አትተዪው፤ የሞተ ባትሪ ይነክሳል። ገመዱን ንቀዪ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን።

ከዚያ ክዳኑን ክፈቺ። ታፍኖ የኖረ ታንክ ነው፤ ይተንፍስ፤ ፊትሽን ግን ከአፉ አርቂ። ናፍታውን ከሆዱ ባለው መክፈቻ ወደ ብረት በርሜል አውርጂ። ፕላስቲክ ጀሪካን አይሆንም። ናፍታ ሲወርድ ብልጭታ ይወልዳል፤ ስለዚህ ከበርሜሉ እስከ ታንኩ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪታይ ድረስ፣ ሽቦ ይታሰር። ሲያልቅ «ባዶ ነው» የሚል አፍ በግቢዬ አይሰማ። ባዶ ታንክ ከሙሉ ይብሳል፤ ሙሉው የሚነድ ነዳጅ ነው፣ ባዶው የሚፈነዳ ትንፋሽ ነው። ቱቦዎቹንና የመለኪያውን ሽቦ አላቂ፤ የቱቦዎቹን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ወትፊ።

አሁን ወደ ዋናው። ሁለት ግንድ አስቆርጪ፣ ከተጋደመ ሰው ደረት የሚበልጥ ውፍረት ያለው። አንዱ ከሰውየው ራስ በላይ፣ አንዱ ከእግሩ በታች፣ ከታንኩ ስር ይግቡ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መሸከሚያ አይደለም። ክሪኩ ቢከዳ ግንዱ አይከዳም። ያን ቀን ግንድ አልነበረም። ክሪኩ ራስ ላይ ሰፊ ጣውላ ይቀመጥ፤ ዝገት የበላውን ሆድ እንዳይበሳው። ከስር የሚገባው ሰው የጥጥ ልብስ ይልበስ፣ ናይለን አይሆንም። መነጽር ያድርግ፤ ያ ዝገት ዓይን ያጠፋል። ውጭኛው ቀበቶ መጀመሪያ፣ ውስጠኛው መጨረሻ። ቡሎኑ ወደ ውስጥ የዞረ ነውና እጅ ያሳስታል፤ ወደ ግራ እያዞረ ይፍታው፣ ከዚያ እጁን ያወጣል፣ ከዚያ ራሱን።

ማንኳኳት ቀርቷል። ይህን የምለው ብረቱ ያንኳኳል የሚለውን አምኜ አይደለም። ግቢው አሁን ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው። ሰውየው ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ሁለት እግሩን አይተሽ፣ «ወጥተሃል?» ትዪዋለሽ። በአፉ «ወጥቻለሁ» ይላል። ድምፁን ካልሰማሽ አታወርጂም። እስኪመሽ ቢሆን፣ እስኪነጋ ቢሆን አታወርጂም።

አባትሽ


ጥር 25

ለተከበሩ አባባ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ እኛ ሁላችንም፣ ሁላችንም፣ ደህና ነን። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ደብዳቤውን ሲከፍቱ ልብዎ እንዳይመታ ነው።

እንዳሉት አደረግን። የልብስ ሰፊዋ ካውያዋን ውኃ አፈሰሰችበትና «ለአማትሽ ንገሪያቸው፣ የሙሽራ ቀሚስ ሳልተኩስ ነው የዋልኩት» ብላለች። ክዳኑ ሲከፈት ታንኩ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ዘበኛው «እፎይ አለ! ሰማችሁ?» ሲል ቀለም ቀቢው፣ «አንተን ታንክ ሁሉ ያናግርሃል፣ ሚስትህ ብቻ ናት ያኮረፈችህ» አለው። ወንድሜ እስከዚያ ከበሩ ውጭ ነበር። «ግባ» አልኩት። «የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው» አለ። የእርስዎን ደብዳቤ አውጥቼ፣ ከስር የሚገባው ሰው የጥጥ ልብስ ይልበስ፣ መነጽር ያድርግ የሚለውን አነበብኩለት። ደግመሽ አንብቢው አለኝ። ደግሜ አነበብኩ። ገባ።

ናፍታው ቀስ ብሎ ስለወረደ ቀኑ ሄደብን። ውስጠኛው ቡሎን ላይ ስንደርስ የግንቡ ጥላ የኋላ ጎማውን ይዞ ነበር። ዘበኛው «ሰዓቱ ደርሷል፤ ነገ ይሁን» አለ። ወንድሜ «ያን ቀንም በዚህ ሰዓት ነበር» ብሎ ከስር ገባ።

እኔ ክሪኩ ጋ ተንበርክኬያለሁ። ከስር የወንድሜ ሁለት እጆች ይታዩኛል፤ አንዱ ቀበቶውን ደግፏል፣ አንዱ መፍቻውን ይዞ ቡሎኑን ያዞራል። ጥላው ታንኩ ላይ ወጣ። ከዚያ አንኳኳ። የታንኩ የፊት ግንባር ቷ አለ፣ ተከትሎ የኋላው ቷ አለ። ሁለት።

አባባ፣ እጄ ተንቀሳቀሰ። ያንን ልጽፍልዎት ነው የተቀመጥኩት። እያየሁት፣ ሁለት እጆቹ እየታዩኝ፣ አንድም እንዳልመታ እያወቅኩ፣ እጄ የክሪኩን ማላቀቂያ መፍታት ጀመረ። በዚህ ግቢ አግብቼ የኖርኩት ሁለት በተሰማ ቁጥር ሁሉም ሰው ሲያወርድ እያየሁ ነው። ታንኩ የጣት ያህል ወርዶ ግንዱ ላይ አረፈ። ግንዱ ባይኖር ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ያን ጊዜ ደብዳቤዎ ትዝ አለኝና ጮኽኩ፦

«ወጥተሃል?»

«አልወጣሁም!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከስር፣ በቀጭን ድምፅ፣ «አላንኳኳሁም እኮ፤ ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ሁለት ነው?»

«ሁለት ነው።»

ቀለም ቀቢውም ሰማሁ አለ። ዘበኛው ቆቡን እንዳወለቀ ነበር፤ «እኔማ ስሰማ ነው የኖርኩት» አለ። ወንድሜ ቡሎኑን ፈትቶ ጨረሰ፣ ወጣ፣ ቆመ። ሁለት እግሩን አየሁ። በአፉ «ወጥቻለሁ» አለኝ። ክሪኩን መልሼ ከፍ አድርጌ፣ ግንዶቹን አስወጥቼ፣ አወረድኩ። ከዚያ በኋላ ግንቡ ስር ተቀመጠና መነጽሩን ሳያወልቅ እስኪመሻሽ ቆየ። እኔም አውልቀው አላልኩትም።

ታንኩ አሁን ግንዶቹ ላይ ተቀምጧል፣ ከመጠለያው ስር፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አላንኳኳም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥላው ግንቡን ሲያልፍ ግን እጄ ላይ የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ምንም የለም። አሁን ነው የባለቤቴ መሞት የገባኝ መሰለኝ።

ውኃው እየተቀዳ እየተደፋ ነው፤ ሽታው ቀንሷል። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ አልጽፈውም። ደብዳቤዎ ሲመጣ እዚያው ዘበኛው ቤት ሆኜ ነው የማነበው።

ምራትዎ


መጋቢት 30

ይህን ደብዳቤ አንቺ አታንብቢው። ለወንድምሽ ስጪውና ከዘበኛው ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ጮክ ብሎ ያንብበው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለወንድምሽ፤ ጤናህን እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? ጆንያ ወገብ ይሰብራል፤ ተወው። የጋራዡ ቁልፍ ከምራቴ ዘንድ ነው፣ ተቀበላት። ቀጥሎ ለእሷ፣ ለዘበኛው፣ ለቀለም ቀቢው፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለተከራዮቹ ሰላም ይሁን። ዘበኛው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ በመሆኑ ቅር ቢለው ይቻለው።

መልሱ የዘገየው ፖስታው ስለዘገየ አይደለም።

ብረት ይዋሻል፤ ሲቀዘቅዝ ራሱን ያንኳኳል። ይኸው ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አልጽፈውም። የቀረውን በወረቀት አልልህም። በወረቀት የሚባል ነገር አይደለም፤ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዓይን እያዩ የሚባል ነው። ጉልበቴ ደግሞ ያን ያህል መንገድ አይወስደኝም። እዚህ ብትመጣ እልሃለሁ። ባትመጣ ግን ሳልልህ የምሞት መሆኔን እወቅ፤ ዕዳው የእኔ ነው።

ታንኩን ለብረት ሰብሳቢ ስትሰጥ ክዳኑን ነቅለህ፣ አፉ ድረስ ውኃ ሞልተህ፣ ይህንንም በጆሮው ነግረህ ስጠው። ብየዳ የያዘ ሰው እንዳይጠጋው። በዚያ ብረት የተነሳ ሁለተኛ ሰው እንዲሞት አልፈልግም። በሌላ መኪና ላይ ቡሎን ወደ ውስጥ አዙሬ አስሬ ከሆነ ፈልገህ ወደ ውጭ መልሰው። ሁለት ሳይሆኑ አይቀሩም። ይህን «ሁለት» የሚሉትን ሌባ ይውሰደው።

ትናንት ወደ ላይኛው ጎረቤት ወጣሁ። በሩን አላንኳኳሁም፤ «ጌታዬ!» ብዬ ከውጭ ተጣራሁ። ሰውየው ደንግጦ ወጣ። ስለ ቱቦው ልነግረው ፈለግኩ፣ ቋንቋ አጣሁ፣ እጄን ዘረጋሁለት። ጨበጠኝ። ምን እንዳልኩት አልገባውም፣ ግን ረጅም ጊዜ ጨበጠኝ።

ወርጄ ስቀመጥ ቱቦው ሁለት ጊዜ አንኳኳ። እየቀዘቀዘ እንደሆነ አውቃለሁ። ሕግ ግን ሕግ ነውና ጮክ ብዬ ጠየቅኩ፦ «ልጄ፣ ወጥተሃል?»

ድምፅ ካልሰማሁ አላወርድም። ተቀምጫለሁ።

አባታችሁ